ማስታወቂያ ላላወጣ ድርጅት ሲቪ መላክ፦ ሞክሮ የሆነለት አለ?

ቆጣሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የነበርኩበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም አብሬ ተቀነስኩ። ይኸው አራተኛ ወሬን ይዣለሁ።

ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ አያለሁ። ይመጥነኛል ያልኩትን እሞላለሁ። ከዚያ ዝም ነው። አንዳንዱ ገጽ ላይ ስንት ሰው እንዳመለከተ ይታያል። አንድ ቀን፣ ከወጣ ገና ሁለተኛ ቀኑን የያዘ ማስታወቂያ ላይ 400 የሚል ቁጥር አየሁና ላፕቶፑን ዘግቼ ተኛሁ። በጠራራ ፀሐይ።

ሙያዬ ንብረት ቁጥጥር ነው። አምስት ዓመት ስቶር ውስጥ ሠርቻለሁ። ገቢ ወጪ መመዝገብ፣ ቆጠራ፣ ቢን ካርዱን (መደርደሪያው ላይ ያለውን የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ከሲስተሙ ጋር ማስታረቅ፣ የጎደለው ዕቃ የት እንደገባ መፈለግ። ከሁሉ የምወደው ይኼን የመጨረሻውን ነው። ሰው ይስቅብኛል።

አሁን ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? በሙያዬ ሰው ሊያስፈልጋቸው ይችላል የምላቸውን ድርጅቶች መርጬ፣ ማስታወቂያ ባያወጡም በቀጥታ ልጻፍላቸው ወይ ነው። ለታላቅ እህቴ ብነግራት «ይኼማ ደጅ መጥናት ነው» አለችኝ። ቃሏ ሆዴ ውስጥ ቀረ። እውነት ደጅ መጥናት ነው? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የሚያሳፍር ከሆነም ሳትደብቁ ንገሩኝ።

የማታ_ወፍ፦
የሚያሳፍረውስ የቤት ኪራይ ሲደርስ ነው። ላኪው።

ተስፋ_ቆራጩ፦
እኔ ሞክሬዋለሁ። 80 ኢሜይል ላክሁ። የመጣልኝ መልስ ሦስት ነው። ሁለቱ «አድራሻው አልተገኘም» የሚል የማሽን መልስ። ሦስተኛው «ስላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን»። በቃ። ጊዜሽን አታባክኚ እህቴ። ሰው የሚቀጠረው በሰው ነው።

ፊት_ለፊት፦
ኢሜይሉን ተዉት ባካችሁ። ሄዶ መታየት ነው።

እኔ መካኒክ ነኝ። የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት አንድ ጋራዥ ዝም ብዬ ገብቼ ነው። ዋናው ሰውዬ መኪና ሥር ተኝቷል። የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነው። ምን ላድርግ? ለጫማው ነው ያመለከትኩት። ስሜን፣ የት እንደተማርኩ፣ ምን ምን እንደፈታሁ ሁሉ ለጫማው ነገርኩት። መልስ የለም። ጨርሼ ልወጣ ስል «13 ቁልፍ አቀብለኝ» አለኝ። መሣሪያው መሬት ላይ ተበታትኗል። አይቼ አነሳሁና ሰጠሁት፤ ሳልሞክር፣ ሳልለካ፣ በዓይኔ ብቻ። ከሥር ሆኖ «ነገ በጠዋት ና፣ የሥራ ልብስ ያዝ» አለኝ። አራት ዓመት አብሬው ሠራሁ። ሲቪዬን እስከ ዛሬ አላየውም።

ቆጣሪዋ፦
ፊት ለፊት፣ አሳቅከኝ። ግን እኔ መጋዘን በር ላይ ብቆም ጥበቃው አያስገባኝም። ቢያስገባኝስ ምን አንስቼ ላቀብል?

የክፍል_ኃላፊ፦
ከወዲያኛው ወገን ልጻፍልሽ። የሥርጭት ክፍል ነው የምመራው፤ መጋዘኑም በእኔ ሥር ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ኢሜይል ይደርሰኛል። ማንም ሳይጠራው የመጣ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ይኼን እወቂ። ማስታወቂያ የሚወጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ልጅ መልቀቂያ ያስገባል። ለአለቃዬ እነግራለሁ። «ያለ እሱ መሥራት አትችሉም?» እባላለሁ። ሁለት ሳምንት እንከራከራለን። በጀት ይታያል። የሥራ መዘርዝር ይጻፋል፣ የሰው ኃይል ክፍል ያርመዋል፣ ይፈረማል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ማስታወቂያ የምታዪው። በነዚያ ሳምንታት እኔ የሁለት ሰው ሥራ እየሠራሁ፣ ማታ «ሰው ከየት ላምጣ?» እያልኩ ነው የምተኛው። ያን ጊዜ ኢሜይልሽ ቢገባ ብቻሽን ነሽ። ከኋላሽ 400 ሰው አልተሰለፈም።

ችግሩ ያ ሳምንት መቼ እንደሆነ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ አብዛኛው ኢሜይል ያለጊዜው ነው የሚደርሰው። ይኼን ከወዲሁ ተቀበይው። ዝም ሲሉሽ የናቁሽ አይምሰልሽ።

ግን ጠቋሚ ነገር አይጠፋም። ቅርንጫፍ ሲከፍቱ፣ ትልቅ ውል ሲያገኙ፣ ወደ ሰፊ መጋዘን ሲዛወሩ፣ ሲስተም ሲቀይሩ። ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልጨምርልሽ። ሾፌርና ጫኝ አውራጅ በብዛት የሚፈልግ ማስታወቂያ ካየሽ ዕቃው በዝቷል ማለት ነው። ዕቃ ሲበዛ ቆጠራ ይፋለሳል። ማስታወቂያው ለሾፌር ነው ብለሽ አትለፊው፤ ለአንቺም አንድ ነገር እየነገረሽ ነው።

ለማን ትጽፊያለሽ ካልሽኝ፣ ሥራው ለሚጎድልበት ሰው። የሰው ኃይል ክፍል እጅ ላይ ያለው የተፈቀደ ክፍት ቦታ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ላይ ከሌለ የለም ይሉሻል፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ዝርዝሩ ላይ ገና ያልወጣውን አውቃለሁ።

ተስፋ ቆራጩ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። 80ውም ኢሜይል አንድ ዓይነት ነበር?

ተስፋ_ቆራጩ፦
አዎ። አንድ ደብዳቤ ነው። ሁሉንም አድራሻ ደርድሬ አንዴ ነው የላክሁት።

የማታ_ወፍ፦
አድራሻዎቹን የት ነው የደረደርካቸው? ተቀባይ የሚለው ላይ?

ተስፋ_ቆራጩ፦
አዎ፣ ምነው?

የማታ_ወፍ፦
ወንድሜ፣ 80ውም ድርጅት የሌላውን የ79ኙን አድራሻ አይቷል።

ተስፋ_ቆራጩ፦
...

ደህና እደሩ።

ስልክ_አንሺ፦
አይዞህ፣ በአንተ አልተጀመረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እኔ እንግዳ መቀበያ ነው የምሠራው። አሥር ዓመት ሆነኝ። ሲቪ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ግን ብዙው እኔን እንደ በሩ መዝጊያ ነው የሚያየኝ። አንዱ ሰላም ሳይል ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ «ለሥራ አስኪያጁ ስጪልኝ» ብሎ ሄዷል። ሌላዋ «እሳቸው ያውቁኛል» ብላ ዋሸችኝ። ደውዬ ስጠይቅ አያውቋትም። ሁለታችንም አፈርን።

ያላወቃችሁት ነገር ቢኖር አለቃዬ ቆይተው «የቅድሟ ልጅ እንዴት ናት?» ብለው ይጠይቁኛል። የማየውን እነግራቸዋለሁ።

ቆጣሪዋ እህቴ፣ ደውለሽ «ሥራ አለ ወይ?» ካልሽኝ «የለም» ነው የምልሽ። እንድል የታዘዝኩት እሱን ነው። ግን «የመጋዘን ኃላፊያችሁ ጋ ደብዳቤ ልልክ ነው፤ ስማቸውን እንዳልሳሳት ብዬ ነው» ብትዪኝ ስማቸውን ፊደል በፊደል እነግርሻለሁ። ለራሴም ደስ ይለኛል፤ ስም በትክክል ለመጻፍ የሚጨነቅ ሰው ብዙ የለም። ደግሞ ሰኞ ጠዋት አትደውዪ። ሰኞ ጠዋት ማንም ሰው አይደለም።

ብራና፦
«ሰው የሚቀጠረው በሰው ነው» ለተባለው ትንሽ ልጨምር። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ይኼን ቆጥሮታል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒውተን በምትባል ከተማ ሥራ የቀየሩ 282 ወንዶችን ሥራውን እንዴት አገኛችሁት ብሎ ጠየቀ። ባለሙያዎች፣ ቴክኒሻኖችና ሥራ አስኪያጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 በታተመው ጥናት 56 በመቶ ያህሉ በሚያውቁት ሰው በኩል ነው ያገኙት። ስለዚህ ተስፋ ቆራጩ አልተሳሳተም። ግን ወደ 19 በመቶ የሚሆኑት ማንም ሳያስተዋውቃቸው ራሳቸው ድርጅቱን ጠይቀው ነው የገቡት። በማስታወቂያና በአስቀጣሪ ኤጀንሲ የገቡትም ያንኑ ያህል፣ ወደ 19 በመቶ ናቸው። የድሮ ጥናት ነው፤ ኢንተርኔት የለም፣ ሴት የለችበትም። ቢሆንም እኔ ማስታወቂያው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር።

ሌላም አለው። በሰው በኩል ከገቡት መካከል የረዳቸው ሰው በብዛት የቅርብ ወዳጅ አልነበረም። አልፎ አልፎ የሚያገኙት ሰው ነው። የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ የጓደኛ ጓደኛ ዓይነት። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ የቅርብ ወዳጅሽ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ እህትሽ ቃል ልመለስ። ማይክል ፋራዴይን ታውቂዋለሽ፣ የኤሌክትሪኩን። እ.ኤ.አ. በ1812 የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ነበር። ደንበኛ ቲኬት ሰጥቶት የታዋቂውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን የኬሚስትሪ ንግግሮች ሰማ። ለዴቪ ከመጻፉ በፊት ለሮያል ሶሳይቲ (ለእንግሊዝ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር) ፕሬዚዳንት ለጆሴፍ ባንክስ ሥራ ፈልጎ ጽፎ መልስ የሚባል አላገኘም። ተስፋ አልቆረጠም። የዴቪን ንግግሮች ከማስታወሻው ገልብጦ፣ ሥዕሎቹን ሠርቶ፣ በራሱ እጅ ጠርዞ ላከለት። እስቲ አስቢው፣ ጠራዥ ነዋ! ሥራውን ይዞ ነው የመጣው።

ዴቪ በደግ ቃል መለሰለት፣ አገኘውም። ቦታ ግን አልነበረም። እንዲያውም ጥረዛህን አትተው ብሎ መክሮታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የላቦራቶሪው ረዳት ከሰው ጋር ተደባድቦ ተባረረ። ዴቪ ማን ትዝ አለው? በመጋቢት 1813 መጀመሪያ ፋራዴይ ተቀጠረ። ለዚያ ቦታ ማስታወቂያ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ስንት የተማረ ሰው ይቀድመው ነበር።

የማታ_ወፍ፦
ከታሪኩ የተማርኩት፦ የሚደባደብ ረዳት ያለበትን ቦታ ፈልጊ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ የቆየሁ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ስለዚህ እውነቱን መናገር እችላለሁ።

ደጅ የሚጠና ሰው እስኪታይ ድረስ ይቀመጣል። አንቺ አንድ ገጽ ትልኪያለሽ፣ ወደ ጉዳይሽ ትሄጃለሽ። እህትሽ ክፉ አላሰበችም፤ ግን ቃሉ ቦታውን ስቷል።

ይኼ ነገር የማይሠራበት ቦታ ግን አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ብዙ ዓለም አቀፍ ድርጅት ክፍት ቦታን በግልጽ ማውጣትና ማወዳደር በደንቡ ይገደዳል። ኃላፊው ቢወድሽም ዝም ብሎ ሊያስገባሽ አይችልም፤ ቢያስገባሽ እሱም አንቺም ትጠየቃላችሁ። እዚያ ሥራ አትጠይቂ። «እንዲህ ያለ ቦታ ስታወጡ ምን ታያላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ማስታወቂያው ሲወጣ ምን እንደሚፈልጉ ታውቂያለሽ። በጣም ትልልቆቹ ኩባንያዎችም በድረ ገጻቸው በኩል ካልገባሽ አያዩሽም። ሞልተሽ፣ ከዚያ ለኃላፊው «ሞልቻለሁ» ብለሽ ብትጽፊለት አይከፋም።

የሚሠራው መካከለኛና ትንሽ ድርጅት ላይ ነው። አሥር፣ ሃምሳ፣ መቶ ሰው ያለበት። የሚወስነው ሰው ኢሜይሉን ራሱ ይከፍታል።

«ፋይል ውስጥ እናስቀምጠዋለን» ሲሉሽ ደግሞ ብዙ አትጠብቂ። እኔ ራሴ ብዬዋለሁ። ፋይሉ ነበር፤ ከፍቼው አላውቅም። ያስታወስኩት ሰው ካለ ፋይሉ አላስታወሰኝም፣ እሱ ራሱ ተመልሶ ጽፎ ነው።

ቆጣሪዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎን ለእህቴ አነበብኩላት። ዝም አለች። ለእሷ ዝም ማለት ትልቅ ነገር ነው።

እትዬ የክፍል ኃላፊ፣ ለእርስዎም አመሰግናለሁ። ይኸው ደብዳቤ ሞክሬያለሁ፤ ሳይላክ እዩልኝ።

«ለሚመለከተው ሁሉ። ጉዳዩ፦ የሥራ ዕድል መጠየቅን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው እኔ አመልካች በንብረት አስተዳደር የሥራ መስክ የአምስት ዓመት ልምድ ያለኝ ስሆን፣ በመልካም ስሙ በሚታወቀው ድርጅታችሁ ውስጥ ክፍት የሥራ ቦታ ቢኖር ትተባበሩኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ። ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራትና የሥራ ጫናን መቋቋም የምችል ነኝ። ስለሚደረግልኝ ትብብር ሁሉ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ከሠላምታ ጋር።»

የማታ_ወፍ፦
«ለሚመለከተው ሁሉ» የተባለ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም።

የክፍል_ኃላፊ፦
አንቺ በይኝ፣ እትዬ እያልሽ አታስረጂኝ።

አትቀየሚኝ፣ ደብዳቤሽን እንደ እኔ ላንብብልሽ። ስብሰባ ልገባ ቆሜ ነው፣ በስልኬ ነው። ርዕሱና የመጀመሪያው ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚታየኝ። ሁለቱን መስመር አንብቤ ስለ አንቺ የማውቀው ሥራ መፈለግሽን ብቻ ነው።

«በመልካም ስሙ የሚታወቀው ድርጅታችሁ» ትያለሽ። ስሙን ግን አልጻፍሽውም። ይኼ ደብዳቤ ለሆስፒታልም ለሲሚንቶ ፋብሪካም ይሄዳል። «ታታሪና ታማኝ»ም እንደዚያው ነው፤ ሰነፍና ሌባ ነኝ ብሎ የጻፈልኝ ሰው እስካሁን አልመጣም።

የጎደለ ዕቃ መፈለግ እወዳለሁ ብለሽ ነበር። የት ሄደ? ስለ አንቺ ያስታወስኩት እሱን ብቻ ነው። አንድ የፈለግሽውን ዕቃ ንገሪኝ። ለደብዳቤ ብለሽ ሳይሆን ዝም ብለሽ እንደ ወሬ።

ቆጣሪዋ፦
እሺ፣ እንደ ወሬ።

የእጅ ጓንት ነው። በየወሩ ቆጠራ ላይ ይጎድላል። ሦስት ወር ተደምሮ 360 ጥንድ ጎደለ። ሁሉም ሰው የሚጠረጥረው የማታ ጥበቃውን ነው። ሰውዬው ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ቦርሳቸውን ሲወጡ መፈተሽ ተጀመረ። እኔ ማየት አልቻልኩም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ገባሁ፣ ያልተከፈተ ካርቶን አውርጄ ቀደድኩና መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 20 ጥንድ። ሲስተሙ ግን አንድ ካርቶን ሲገባ 24 ጥንድ ነው የሚመዘግበው። አቅራቢው ማሸጊያውን ቀይሯል። ካርቶኑ ጎን ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ማንም አላነበበውም። በሦስት ወር የገባው 90 ካርቶን ነው። 90 ጊዜ 4፣ 360። አንድም ጓንት አልጠፋም ነበር።

ጥበቃውን ይቅርታ የጠየቃቸው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

የክፍል_ኃላፊ፦
ይኼው ደብዳቤሽ።

ፊት_ለፊት፦
13 ቁልፉ እሱ ነው። ምን ላቀብል ብለሽ አልነበር?

ብራና፦
ሌላ የድሮ ደብዳቤ አስታወሰኝ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ሥራ ፈልጎ የጻፈው። ረቂቁ እስከ ዛሬ አለ። ስለ ሥዕል የሚያነሳው መጨረሻ አካባቢ ነው። ከላይ እስከ ታች የሚያወራው ተነቃቃይ ድልድይ፣ ምሽግ መስበሪያ፣ መድፍ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ ነው። ለምን? ሰውዬውን የሚያሳስበው ጦርነት ነዋ። የሚያስቀኝ ማሳረጊያው ነው፦ ከዚህ ውስጥ የማይቻል የመሰለ ነገር ካለ እርስዎ በወደዱት ቦታ ሠርቼ አሳያለሁ ይላል።

ጡረተኛው፦
የጓንቱን ነገር ስትጽፊ የቀድሞ ድርጅትሽን ስም አታንሺ፣ የጥበቃውንም ጉዳይ ተዪው። ቁጥሩ ይበቃል። የቀድሞ ቤቱን ገመና የሚያወራ ሰው ነገ የእኛንም ያወራል ይባላል።

ቆጣሪዋ፦
ሁለተኛው ይኸው። ርዕሱ፦ «የቆጠራ ልዩነት ፈላጊ፣ የአምስት ዓመት የስቶር ልምድ»።

«ሰላም ወይዘሮ እገሊት። ሁለተኛ መጋዘን መክፈታችሁን አየሁ። ዕቃ ሁለት ቦታ ሲከፈል መጀመሪያ የሚፋለሰው ቆጠራው ነው።

አምስት ዓመት ንብረት ቁጥጥር ላይ ሠርቻለሁ። ባለፈው ዓመት 360 ጥንድ ጓንት ጎደለ ተብሎ ሦስት ወር ተፈልጎ ነበር። አንድ ካርቶን ከፍቼ ስቆጥር ምንም እንዳልጎደለ አወቅሁ፤ አቅራቢው ከ24 ወደ 20 ቀይሮ ሲስተሙ ሳይቀየር ቀርቶ ነው።

አሁን ክፍት ቦታ ይኑር አይኑር አላውቅም። በሚቀጥሉት ወራት ለመጋዘኑ ሰው የሚያስቡ ከሆነ 15 ደቂቃ ቢሰጡኝ መጥቼ ባነጋግርዎ ደስ ይለኛል። ሲቪዬ ተያይዟል።»

የክፍል_ኃላፊ፦
እኔ ብሆን እደውልልሻለሁ። ቦታ ባይኖረኝም እደውልልሻለሁ፤ የእኔን ጓንት እንድታዪልኝ።

አንድ እርማት። ርዕሱ ላይ «ፈላጊ» የሚለው ሌባ አዳኝ ያስመስልሻል። «ንብረት ቁጥጥርና ቆጠራ፣ የአምስት ዓመት ልምድ» ይበቃል። ወሬው ውስጥ ይጠብቃቸው።

ስልክ_አንሺ፦
ሲቪው ፒዲኤፍ ይሁን፣ የፋይሉ ስም የራስሽ ስም ይሁን። «ሲቪ የመጨረሻ የታረመ 3» የሚል ፋይል በቀን ስንት እንደማይ ብታውቁ።

ቆጣሪዋ፦
ዝም ቢሉኝስ? መቼ ነው ደግሜ የምጠይቀው? ስንት ጊዜ?

ጡረተኛው፦
ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ጠብቂና አንድ ጊዜ። በዚያው ኢሜይል ላይ፣ በሁለት መስመር። ከዚያ ተዪው። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ አዲስ ነገር ካለሽ፣ ኮርስ ጨርሰሽ ወይም እነሱ ጋ አዲስ ነገር አይተሽ ከሆነ፣ እንደገና መጻፍ ነውር የለውም። በየሦስት ቀኑ የሚጽፍ ሰው ግን ስሙ ይታወሳል፤ በክፉ።

ለማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፍሽ ደብተር ላይ ያዢ። ስልክ ሲደወል «የትኛው ድርጅት ነበራችሁ?» እንዳትዪ።

ፊት_ለፊት፦
እኔ አንድ ሳምንት በነፃ ልሥራ ብትይ ነው የምመክርሽ። ያዩሻል፣ ያለቀለት ነው።

ጡረተኛው፦
በዚህ አልስማማም ወንድሜ። ግማሽ ቀን መጥቶ መታየት ይሁን። በነፃ ሳምንት ካልን ሳምንቱ ወር ይሆናል። ሰው በነፃ ያገኘውን ለመግዛት አይቸኩልም። ደግሞ ዕቃ ቢጎድል፣ ውል የሌላት ሴት ናት የምትጠየቀው።

ፊት_ለፊት፦
ጋሼ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ለእኔ ግን ሠርቶልኛል። አከራካሪ ነው እንበለው።

ስልክ_አንሺ፦
አንድ ማስጠንቀቂያ። ሲቪሽ ብዙ ቦታ ሲበተን ያልጻፍሽለት ሰው ሊደውልልሽ ይችላል። «ተቀጥረሻል፣ ለምዝገባ ይኼን ያህል ላኪ» ካለሽ ዝጊው። የመታወቂያሽን ፎቶና የባንክ ደብተርሽን ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፍልሽ ሰው ምን ያደርግለታል? በስልክም ቢሆን አትስጪ።

ተስፋ_ቆራጩ፦
ተመልሻለሁ። የጓንቱን ካነበብኩ በኋላ ስድስት ብቻ ጻፍኩ፣ አንድ በአንድ። እያንዳንዱ አንድ ምሽት ፈጀብኝ፤ ግማሹን ምሽት የበላብኝ የሚቀበለውን ሰው ስም ማግኘት ነው። አንድ መልስ መጥቷል። «አሁን የለንም፣ ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ጠይቀን» ይላል። የጻፈችው ሰው ናት፤ ስሟ አለበት። የቀን መቁጠሪያዬ ላይ አስገብቼዋለሁ። እስካሁን ቁርጤን አላወቅሁም፤ ስሜን ግን ልቀይር አስቤያለሁ።

ቆጣሪዋ፦
ሦስት ሳምንት ጠፋሁባችሁ። ሒሳቡን ላቅርብ።

14 ጻፍኩ። ዘጠኙ ዝም። ሦስቱ «አሁን የለም» አሉ፤ ከሦስቱ አንዷ በጣም ደግ ደብዳቤ ነው፣ አስቀምጬዋለሁ። ሁለቱ ጠሩኝ።

የመጀመሪያው ጋ ሄጄ ሃያ ደቂቃ አወራን። ቦታ የለም፣ ገና ከመግባቴ ነገሩኝ። ግን ሰውዬው የሌላ መጋዘን ኃላፊ ስልክ ሰጠኝ፣ «እኔ ነኝ የላክሁሽ በይው» አለኝ። ብራና፣ ያልከው የሩቅ ትውውቅ ይኼ ይሆን?

ሁለተኛው ጋ ቃለ መጠይቅ ብዬ ለብሼ ሄድኩ። ቃለ መጠይቅ አልነበረም። ኃላፊዋ ደብዳቤዬን አትማ ጠረጴዛ ላይ አድርጋዋለች፤ 24 እና 20 የሚሉት ቁጥሮች በእስክሪብቶ ተከበዋል። «ነይ እስቲ» ብላ ወደ መደርደሪያ ወሰደችኝና ሁለት የማይገናኝ ቁጥር አሳየችኝ። አንዱን እዚያው አገኘሁት፤ አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት ኮድ ገብቷል። ሌላውን አላገኘሁትም። አላገኘሁትም አልኳት። ለዓመታዊ ቆጠራው የአንድ ወር ተኩል ውል ሰጡኝ፣ በክፍያ። ከዚያ በኋላ ይታያል ነው ያሉት። ቋሚ አይደለም። ሰኞ እጀምራለሁ።

የማታ_ወፍ፦
እሰይ! የትኛዋ ናት? ሁለተኛ መጋዘን የከፈተችው?

ቆጣሪዋ፦
አይደለችም። እሷ እስካሁን ዝም ናት። እነዚህ ስድስት ሾፌር ሲፈልጉ ያየኋቸው ናቸው።